ከአስር ዘጠኝ ያገኘው አባት

ንፋስ መውጫ ከተማ ዲግሪ ያለው ሁሉ እንግሊዝኛ ያውቃል ተብሎ ይታመናል። የእኔ ዲግሪ የአፈር ጥበቃ ነው፤ ይህን ግን የጠየቀኝ ተማሪ የለም። ከቢሮ ስመለስ ደብተር ታቅፈው ደጄ ላይ ይጠብቁኛል። «ጋሼ፣ የቤት ሥራ አለብን» ይላሉ። ለትሕትና ነው እንጂ የቤት ሥራው ያለውስ እኔ ላይ ነው።

በደንቡ ቢሆን ማስረዳት ነበረብኝ። ማስረዳት ግን አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ጽፎ መስጠት አሥር ደቂቃ። እኔ ደግሞ ሥራ የሚበዛብኝ ሰው ነኝ፤ ኳስ አያለሁ።

ከደንበኞቼ አንዷ ግቢያችን ውስጥ ክፍል ተከራይታ የምትማር የገጠር ልጅ ነበረች፤ ዘጠነኛ ክፍል። አባቷ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ በገበያ ቀን፣ በሶና ቆሎ በአህያ ጭነው ይመጡላታል። በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት እንግሊዝኛ ወድቃ ነበርና «ዳግመኛ ከወደቅሽ ስንቁን አውርጄ አንቺን ጭኜ እመለሳለሁ» ብለዋታል። እንደማይቀልዱ ታውቃለች። ስለዚህ «አባቴ» በሚል ርዕስ የእንግሊዝኛ ድርሰት ሲታዘዙ እያለቀሰች መጣች።

ጻፍሁላት። አስተማሪ እንባ ይወዳል ብዬ አባትየውን አደኸየኋቸው፤ ጫማቸውን አስወለቅሁ፣ ልብሳቸውን ቀዳደድሁ፣ በመጨረሻም «አባቴ ማንበብ የማይችል ምስኪን ነው» ብዬ ደመደምሁ። ምን እንደሚል ስነግራት «ጋሼ፣ አባቴ እኮ...» ብላ ጀመረች። «ድርሰት ነው፣ አታካብጂ!» አልኋት። ገልብጣ ሰጠች፤ ከአስር ዘጠኝ አመጣች። አመጣሁ።

በገበያ ቀን አባቷ ዘጠኟን አይተው ፊታቸው በራ፤ ልጃቸውን አስከትለው እኔ ዘንድ መጡ። ትከሻቸው ላይ ማኅደር አንግተዋል፤ ውስጡ ዳዊታቸው አለ። ለካ ምስኪኑ ሰው ዳዊት የሚደግሙ ኖረዋል! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

«የኔታ» አሉኝ፣ እኔን። «ልጄ ስለኔ የጻፈችውን እስቲ በአማርኛ ያንብቡልኝ።» ይህን ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁና ወንጌል እንደሚሰማ ሰው ቀጥ ብለው ቆሙ።

ጎሮሮዬን ጠረግሁ። እንዳለ ባነበው ሽማግሌውን ፊት ለፊት መስደቤ ነው፤ የጻፍሁት እኔ ነኝ ብል ልጅቱ ዛሬውኑ ከአህያዋ ኋላ ናት። እንዲህ ስዋልል ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችው።

«ፊደል ያስቆጠረኝ አባቴ ነው» ብላ ጀመረች። «ከቤታችን እዚህ ድረስ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ስንቄን አህያዋ ላይ ይጭናል እንጂ ራሱ ተቀምጦባት አያውቅም። ሲደርስ ‹ደከመህ ወይ?› ስለው ‹ኧረ ምንም› ይለኛል። አባቴ ሲዋሽ የሰማሁት ይህችን ብቻ ነው።»

እኔ አንገቴን ደፋሁ። ያን ቀን ያፈርሁትን ያህል አፍሬ አላውቅም።

አባትየው ወረቀቱን ተቀብለው ልጅቱን አህያዋን ውኃ አጠጪ ብለው ላኳት። «የኔታ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጅ ሳለሁ በቃሌ እያልሁ የማነብ ሳስመስል ስንት ቁንጥጫ ቀምሻለሁ። የሚያነብና በቃሉ የሚል አይጠፋኝም። ዓይኗ ወረቀቱ ላይ አልነበረም።»



«ግድ የለም፣ ትማር። ወረቀቱ የሚለውን ግን አንድ ቀን ራሷ ታነብልኛለች» አሉና አጣጥፈው ዳዊቱ መሐል አስገቡት።

ይኸው ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው፤ «ማንበብ አይችልም» የሚለው ድርሰቴ ከዳዊት ጋር ይኖራል። እኔም ኳሱን ትቼ ማስረዳት ያዝሁ። አባትየው በመጡ ቁጥር «የኔታ፣ እንደምን ሰነበቱ?» ብለው ቆሎ ይዘግኑልኛል። ልጅቱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች፤ እንግሊዝኛዋም ከእኔ ይሻላል።

ባለፈው ሳምንት «ጋሼ፣ ለፋሲካ ቤት ስገባ አባቴ ወረቀቱን አንብቢልኝ ብሎኛል» አለችኝ።

ብዙ አሰብሁና «እንዳለ አንብቢላቸው። የጻፈው ጋሼ ነው በያቸው» አልኋት።

«እሱንማ» አለችኝ፣ «ያኔውኑ አህያዋን አጠጥቼ ስሸኘው ነግሬዋለሁ።»