የደነዘዘ እጅ

የሥራ ባልደረቦቹ፣ "በአንድ ቀን ሁለት አገር የሚኖር ሰው" ይሉታል። እውነታቸውን ነው። ውጭው አስፋልቱ ቀልጦ ጫማ ይዞ የሚያስቀርበት ሙቀት ነው። የመጋዘኑን ወፍራም በር ከፍቶ ሲገባ ደግሞ ቅንድቡ ላይ አመዳይ ይጋገራል። ዓሣና ሥጋ በካርቶን የሚከማችበት ማቀዝቀዣ መጋዘን ነው። ጠጉሩ ጥቁር ሳለ ነበር የተቀጠረው፤ አሁን ጠጉሩም እንደ ሥራው ነጥቷል። በስሙ የሚጠራው የለም፤ "በረዶው" ነው የሚሉት።

በእረፍት ሰዓት ሠራተኞቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሬዲዮ ይሰማሉ። ያን ሰሞን ወሬው ሁሉ የአየር ነገር ነበር። የአንዱ አገር ሰው በሙቀት ሲዝለፈለፍ፣ የሌላው አገር ሰው ደጁ ላይ በረዶ ተቆልሎበት መውጫ አጥቷል።

"እዚያ ብርድ አገር ሽንት መሬት ሳይደርስ በረዶ ይሆናል አሉ" አለ ሾፌሩ።

"ታዲያ በምን ሰብረውት ይሄዳሉ?" አለ ዘበኛው።

"የኛን በረዶ እንላክላቸዋ! እሱ ያውቅበታል።"

ሳቁ። እሱም ሳቀ። የሚስቀው ግን እጆቹን ብብቱ ሥር ወሽቆ ነው።

ነገሩ እጁ ላይ ነበር። ጓንት ይሰጣቸዋል፤ ነገር ግን የተጣበቀ ካርቶን ለማላቀቅ ጓንት አይመችም። እሱ ደግሞ ሥራ ሲንዛዛ አይወድም፤ አውልቆ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ጣቶቹን ይነዝረው ነበር። ቆይቶ መንዘሩ ሲቀር ተመስገን አለ፤ ዳንኩ ብሎ! የቀረው መንዘሩ ብቻ እንዳልሆነ የገባው ከቆየ በኋላ ነው። ሙቁም ቀዝቃዛውም ለጣቶቹ አንድ ሆነባቸው።

ለማን ይንገር? ልጁ ትንሽ ሳለች የፈላ ማንቆርቆሪያ በባዶ እጁ ሲያነሳ አይታ፣ "የአባዬ እጅ ብረት ነው!" እያለች ታጨበጭብ ነበር። ብረት የተባለን እጅ መልሶ በድን ነው ማለት ለአባት ይከብዳል። ሆድ ይፍጀው አለና ዝም።

ልጅቱ አድጋ አገባች፣ ወለደችም። ሙቀቱ ሲጠናባት ጣራው ከሚግለው ክፍሏ ወጥታ፣ ሕፃኗን አቅፋ ወላጆቿ ቤት መጣች። የነሱ ቤት ምድር ቤት ስለሆነ ትንሽ ሻል ይላል። እዚያም ቢሆን የሕፃኑ ገላ በሽፍታ ተሞልቶ፣ ውሃ ካላፈሰሱበት አልተኛ አለ።

አንድ ቀን ከሰዓት ሚስቱ ወጣ ብላለች። ልጅቱ ሌሊቱን ዓይኗን አልከደነችም።

"አባዬ፣ ትንሽ ጋደም ልበል። ካለቀሰ ለብ ያለ ውሃ አፍስስለት፣ እሺ?"

"ተኚ ልጄ፣ እኔ አለሁ አይደል?"

ሕፃኑ አለቀሰ። አያት ሳፋውን አቅርቦ ቧንቧውን ከፈተ። እንግዲህ የዚያ ቤት ውሃ የሚመጣው ጣራ ላይ ካለው ጥቁር ታንከር ነው። ጥቁር ታንከር ፀሐይ ሲጠጣ ውሎ ምን እንደሚሆን ለማንም አይጠፋም። ለሱም አልጠፋም፤ ስለዚህ እጁን ነከረ። እጁ ምንም አላለውም። ምንም ካላለኝ ለብ ያለ ነው ብሎ ደመደመ።

የሕፃኑ እግር ውሃውን ሲነካ የወጣው ጩኸት ከፊተኛው ልቅሶ የተለየ ነበር። ውሃ ፈርቶ ነው ብሎ "አይዞህ፣ አይዞህ የኔ ጌታ" እያለ እንደገና ዝቅ አደረገው። ኋላ እንቅልፍ የነሳው ይሄ "እንደገና" ነው።

ሚስቱ በዚያው ደረሰች። ፌስታሏን ጥላ ሕፃኑን ነጠቀችውና ክርኗን ሳፋው ውስጥ ነከር አደረገች።

"አንተ ሰውዬ! ይሄ ውሃ ነው እሳት?"

የሕፃኑ እግሮች እስከ ቁርጭምጭሚት ቀልተዋል። ልጅቱ ከእንቅልፏ ባንና እየሮጠች መጣች።

"ምን ሆኖ ነው? አባዬ፣ ምን ሆኖ ነው?"

"ቧንቧው..." አለ። "መጀመሪያ ለብ ያለ ነበር። ድንገት ነው የፈላብኝ።"

ሐኪም ቤት ወሰዱት። ነርሷ ክፉኛ አልተጎዳም ብላ ቅባት ሰጠቻቸው። በመንገድ ሲመለሱ ሚስቱ ታንከሩን ስትረግም፣ ልጅቱ ደግሞ "ደግነቱ አባዬ ነበር የያዘው፤ ሌላ ሰው ቢሆን ደንግጦ ይጥለው ነበር" አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የሱ ግን እያደር ጨለመ። ማታ ማታ የሕፃኑን እግር ቅባት ሲቀቡ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

ልጅቱ ወደ ሥራዋ የምትመለስበት ቀን ደረሰ። እሱ የሥራ ተራውን ወደ ማታ አዙሮ፣ ቀን ቀን ሕፃኑን ሊጠብቅ ከወሊዷ በፊት ቃል ገብቷል። በዋዜማው ጡጦ ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች።

"ወተቱን መጀመሪያ ጣትህ ላይ ጠብ ታደርገዋለህ። እንዲህ።" ጠብ አደረገችለት። "እንዴት ነው? ይጠጣዋል?"

ጣቱን አየ። እንፋሎት ካለው ብሎ አጎንብሶ አየ። "ደህና ነው" የሚለው ቃል ከንፈሩ ላይ ደርሷል። ሕፃኑ ጭኗ ላይ ተኝቶ እግሩን ያወራጫል፤ ቆዳው ገና እየተላጠ ነው።

"አላውቅም" አለ።

"ምን ማለት ነው አላውቅም?"

"ጣቴ አያውቅም፣ ልጄ። ያን ቀንም አላወቀም።" ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። "ቧንቧው ድንገት አልፈላም። ሲመጣም ፈልቶ ነው የመጣው። እኔ ነኝ እግሩን የነከርኩት። ሁለት ጊዜ።"

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ሰማች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለች።

"ቆይቷል።"

"ከኔ ጋር ተኝተህ እየተነሳህ?"

"አፈርኩ።"

"ከማን ነው የምታፍረው?"

"ከናንተ ነዋ፤ ከማን አፍራለሁ?"

ልጅቱ አልጮኸችም። ሕፃኑን ከጭኗ አንስታ ለእናቷ አቀበለቻት። ቀድሞ እሱ ነበር እጁን የሚዘረጋው፤ አሁን ማንም አላየውም። ከዚያ ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"እጅህን አምጣ። ዓይንህን ጨፍን። እያንዳንዱን ስነካህ ንገረኝ።"

ጨፈነ። እጆቹን እንደ ተማሪ ዘርግቶ ጠበቀ። ላብ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል፤ እሱን ያውቀዋል። የማራገቢያውን ድምፅ ይሰማል። አንዱ ጣት እንኳ እንዲናገርለት እየለመነ ቆየ። ዝምታው ሲረዝምበት ቀስ ብሎ ጠየቀ።

"ጀመርሽ እንዴ?"

"ጨረስኩ፣ አባዬ።"

ዓይኑን አልገለጠም። በዚያ ሁሉ ዕድሜው ዓይን መግለጥ እንደዚያ ከብዶት አያውቅም።