የእትዬ ዘነበች ጎመንና የእኔ ቀልድ

እትዬ ዘነበች ሞተች አሉኝ። ዛሬ ጠዋት እህቴ ደውላ ነው የነገረችኝ። "የትኛዋ ዘነበች?" አልኳት፣ እያወቅኩ። ሌላ ዘነበች ብትሆንልኝ ብዬ።

የጎፋ ልጆች ታስታውሷታላችሁ። ዘጠና ዓመተ ምህረት አካባቢ፣ ኤድስን በሹክሹክታ እንኳ በስሙ የሚጠራው ሰው በሌለበት ጊዜ፣ ጎመን በዘምቢል ይዛ ቤት ለቤት የምትዞረው ሴትዮ።

ጎመን ሻጭ አልነበረችም። ከጤና ጣቢያ የምትላክ አስታማሚ ነበረች። ከጎመኑ ስር ጓንት፣ ሳሙናና ንፁህ ጨርቅ አለ። አስታማሚ የገባችበት ቤት ከታወቀ አከራይ ያስወጣል፣ ጎረቤት ውሃ ይከለክላል። ስለዚህ "ጎመን!" እያለች ትገባና የታመመውን አጥባ፣ ቁስሉን ጠርጋ ትወጣለች። መድኃኒት የሚባል ነገር የለ፤ ያላት እጇ ብቻ ነው።

መንገድ ላይ ለወሬ ሲያስቆሟት "ልሂድ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው" ትላለች። ጎመን የሚጠብቅ ሰው አለ እንዴ ብለን እንስቅባታለን።

ሽማግሌዎቻችንማ! በኮሮና ጊዜ ዓለም በክርኑ ሰላም ሲባባል ሳቄ መጣ። ነገሩን ያኔ በዘጠናዎቹ የፈለሰፈው የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ታፈሰ ነው። ከሳ ያለ ሰው ካየ ክርኑን ይዘረጋል። ከዚያ ቤቱ ገብቶ ክርኑን በአረቄ ያጥባል፤ የተረፈውን ለጉሮሮው።

እኔ ያኔ አስራ አምስት ዓመቴ ነው፤ ምላሴ ከእኔ ቀድሞ የሚሮጥ። አንድ እሁድ ዕድርተኛው ተሰብስቦ ሲወጣ ጋሽ ታፈሰን በር ላይ ያዝኩት።

"ጋሼ፣ ድንኳኑን ቀጥሎ የት እንደምትተክሉ ማወቅ ከፈለጋችሁ የእትዬ ዘነበችን ጎመን ተከተሉ። እሱ የገባበት ቤት ወር ሳይሞላው ለቅሶ ነው።"

ሽማግሌው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። "ይሄ እርጉም ልጅ!" አለ ጋሽ ታፈሰ እንባውን እየጠረገ። ቀስ እያለ ግን ሳቁ ቆመ። ማን ማን ጎመን እንደሚገዛ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ።

በሳምንቱ በሩ ሁሉ ተዘጋባት።

ከእኛ ግቢ ጀርባ ተከራይታ የምትኖር ሰናይት የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ከአልጋ መነሳት አቅቷታል። አከራይዋ "ያቺን ሴትዮ ካስገባሽ ዛሬውኑ ትወጪልኛለሽ" አሏት። እትዬ ዘነበች አጥሩ ስር ቆማ "ሰናይት፣ አይዞሽ፣ ነገም እመጣለሁ" ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሦስት ቀን ተመላለሰች፤ አላስገቧትም። በአራተኛው ቀን ሰናይት ሞተች፣ ከንፈሯን በውሃ የሚያርስላት ሰው አጥታ።

ሬሳዋን እንድታጥብ ግን ራሳቸው መጥተው ለመኗት። ሌላ የሚነካ አልተገኘማ።

አጠበቻት። ስትወጣ መንገድ ላይ አገኘችኝ፤ ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። ማን አፉን እንደከፈተ የነገራት ሰው ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ባለፈው ፋሲካ ልናዘዝ ብዬ ሀና ማርያም ሰፈር ያለው ቤቷ ድረስ ሄጄ ነበር። "ምላሳሙ መጣ!" ብላ አቀፈችኝ። ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ልጆቼ አወራን። በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ተመርቄ ወጣሁ። ያቺን ነገር ግን ከአፌ ማውጣት አቃተኝ።

እትዬ፣ በሩን ያዘጋሁብሽ እኔ ነኝ። ይኸው አሁን ጻፍኩት። አገር ምድሩ ሊያነበው ይችላል፤ አንቺ ብቻ አታነቢውም። ሰናይት ከሄደች በኋላ ይቅር ሊለኝ የሚችል አንድ ሰው ነበር የቀረኝ፣ እሱም ዛሬ አለቀብኝ።

ደህና ሁኚ፣ እትዬ።