የመድኃኒት ክፍሉ ኮምፒውተር

ራህማ የአያት ሰፈር ልጅ ናት፤ እንጀራዋም ፕሮግራም መጻፍ ነው። ጎበዝ ናት፤ ችኩልነቷ ግን ለብቻው ነው! ቦሌ ቡልቡላ ላለ አንድ የሕፃናት ክሊኒክ፣ የልጁን ክብደት አይቶ የመድኃኒቱን መጠን የሚያሰላ ፕሮግራም ሠራችለት።

ፕሮግራሙን ቤቷ በላፕቶፗ አዘጋጅታ ትሄድና የቀረውን እርማት ክሊኒኩ ኮምፒውተር ላይ ጽፋ እዚያው ኮምፓይል ታደርገዋለች፤ ማለትም የጻፈችውን ኮምፒውተሩ ወደሚሠራ ፕሮግራም እንዲለውጠው ታዛለች። ታዲያ አንዳንድ ቀን እርማቱ ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን ያው የድሮው ስሌት! አንድ ጠዋት አርማው ሳትሞክረው ወጣች። ከሰዓት በኋላ ፕሮግራሙ ለአንዲት ሕፃን እጥፍ መጠን አዘዘ። ነርሷ ባትጠራጠር ኖሮ፣ ኧረ አያድርስ!

«አርሜው ነው የወጣሁት! ማነው አሮጌውን የመለሰው?» አለች ራህማ። ኮምፒውተሩ ያለበት የመድኃኒት ክፍል ቁልፍ ያለው ጋሽ ኣምደሚካኤል ጋ ብቻ ነው፤ አስራ ዘጠኝ ዓመት መድኃኒት ያደሉ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ እኔ አልነካሁትም» ቢሏት መች ሰምታ! ለክሊኒኩ አለቃ ጻፈች። በማግስቱ ጋሽ ኣምደሚካኤል ከሥራ ታገዱ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ራህማ ቁልፉን ራሷ ይዛ፣ ማንም ሳይገባ፣ አርማ ኮምፓይል አደረገችው። ያው የድሮው ስሌት ወጣ! ፋይሎቹ የተሠሩበትን ሰዓት አየች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቤቷ ያዘጋጀችው ፕሮግራም በላፕቶፗ የፈረንጅ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ይላል፤ አሁን የጻፈችው እርማት ደግሞ አራት ሰዓት። ኮምፒውተሩ እርማቱ ከፕሮግራሙ በፊት የተጻፈ መስሎት፣ አዲስ ነገር የለም ብሎ አሮጌውን እንዳለ ይተወዋል። ማታ አዘጋጅታው ባደረች ጊዜ ግን ቀኑ ስለሚለወጥ እርማቱ ይሠራል።

የክሊኒኩን ኮምፒውተር ሰዓትስ ማን ነካው? ራሷ ናታ! ፕሮግራሙን ባስገባች ሰሞን ነርሶቹ «አራት ሰዓት የሰጠነውን መድኃኒት አስር ሰዓት ይለናል» ብለው ቢያማርሩ፣ በሐበሻ አቆጣጠር ሞልታላቸው ነበር። ደግ የሠራች መስሏት። ረስታውም ነበር።

ለአለቃው እውነቱን ጽፋ፣ በሚኒባስ ተጋፍታ የካ አባዶ ሽማግሌው ቤት ደረሰች። ጋሽ ኣምደሚካኤል በሩን ሲከፍቱላት ከስተዋል።

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ እርስዎ ምንም አላደረጉም። ይቅር ይበሉኝ» አለች።

ሽማግሌው አስገብተው ወንበር ሳቡላት።

«እኔ እኮ፣ ልጄ» አሉ፣ «አንቺን የመሰለች የተማረች ልጅ እንዲህ ካለች፣ ሳላውቅ ነክቼው ይሆናል ብዬ ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። አርባ ቀን ስገድ ብለውኝ፣ ዛሬ አስራ አንደኛ ቀኔ ነው።»