በሩ ላይ ስማቸውን የሚጠሩ ልጆች

የጋሼ ደወል እውነተኛ ስም ደወል አይደለም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤቱን በር ሲጠብቁ፣ ከበሩ አጠገብ የተንጠለጠለውን ብረት በመዶሻ እየመቱ ልጅ ሲያስገቡና ሲያስወጡ፣ እናት አባት ያወጣላቸው ስም ተረስቶ ቀረ። ባለቤታቸው እንኳ ሲቆጡ ካልሆነ አይጠሯቸውም በሱ።

አመታታቸው የሳቸው ብቻ ነው። ለመግቢያ ሦስት ጊዜ ይመታሉ፤ ሦስተኛውን ትንሽ ያዘገዩታል፣ እየሮጠ ለሚመጣ ልጅ ብለው። ያቺ ትንሽ ዝግታ ስንቱን አርፋጅ እንዳዳነች በሩ ይመስክር። ሥራ ሲቀልላቸው ደግሞ ግንቡን ተደግፈው ያንጎራጉራሉ፦

እንዳላይሽ ብዬ ዓይኔን ብዘጋው፣
ድምፅሽ ደጄን መታ ሌቴን ሊያነጋው።

እንዲህ ልባቸው የሚባባው ሰውዬ ታዲያ ለአፍላ ልጆች ሲሆን ምላሳቸው አይራራም። "የዚህ ዕድሜ ልጅ ጭንቅላቱ ላይ ያለው ፀጉር ብቻ ነው" ይላሉ። "ውስጡን ብትፈልግ ንፋስ ነው የምታገኘው።" መምህራኑ ይስቃሉ። ልጆቹም ይስቃሉ፤ የነሱ ሳቅ ግን ቶሎ ያልቃል።

ያን ዓመት በጋሼ ደወል ዓይን ላይ ጭጋግ ወረደ። መጀመሪያ የልጆቹ ፊት፣ በእንፋሎት ከደበዘዘ መስታወት ጀርባ እንዳለ ሆነባቸው። ቀጥሎ ፊት የሚባል ነገር ጠፋ፤ ቀለም ብቻ ቀረ፣ የሚንቀሳቀስ የዩኒፎርም ሰማያዊ። ለማንም አልተናገሩም፤ ለባለቤታቸውም ጭምር። ዓይን የሌለውን ዘበኛ ማን ያቆየዋል? በሩንስ ካጡ ጠዋት ተነስተው ወዴት ይሄዳሉ? ከበሩ እስከ ደወሉ አሥራ አንድ እርምጃ፣ ከደወሉ እስከ ጥበቃ ክፍሏ ሰባት። ይህን በቃላቸው ያዙት። አንድ ቀን ክፍሏ ውስጥ የተሰቀለውን የገዛ ካፖርታቸውን "ልጅ ሊጠይቁ ከሆነ እስከ ዕረፍት ይታገሡ" አሉት። ካፖርቱ ሳይመልስላቸው ሲቀር "ሰው አያናግሩም እንዴ?" ብለው ተቆጡ።

ይህ እንኳ በሳቅ ያልፋል። አንድ ማክሰኞ ግን የጥበቃ ክፍሏ ግድግዳ ሰዓት ዘንጎች ተምታቱባቸውና ገና ሃያ ደቂቃ ሲቀረው የመውጫውን ደወል መቱ። ትምህርት ቤቱ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ዳይሬክተሯ ማጣራት አላስፈለጋቸውም።

"ሰዓቱን የነካኩት የአሥረኛ ለ ልጆች ናቸው" አሉ። "በዚህ ዕድሜ ከዚህ ሌላ ምን ይታሰባል?" ክፍሉ በሙሉ አንድ ሳምንት ግቢ እንዲጠርግ ተፈረደበት። ጋሼ ደወል አጠገባቸው ቆመው ሰሙ። አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት።

ደወሉ ከመመታቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ግን ፌንጣ ለመምህሯ ጠመኔ ልታመጣ ወጥታ በጥበቃ ክፍሏ ደጅ አልፋ ነበር። ፌንጣ የአሥረኛ ለ ተማሪ ናት፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ደረጃ ስትወርድ ሁለት ሁለቱን ስለምትዘል ነው እንዲህ ያሏት። ጋሼ ደወል ሰዓቱን ከግድግዳ አውርደው አፍንጫቸው ላይ ለጥፈው ሲታገሉ አየቻቸው። አንድ ቃል ለዳይሬክተሯ ብትተነፍስ ክፍሏ ከመጥረጊያ ይድናል። አልተነፈሰችም። መጥረጊያዋን አነሳች።

ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ አዲስ ነገር ተጀመረ።

"ጋሼ፣ ሬዲዮ ነኝ!" አለ ወሬ የማያልቅበት የክፍሏ ልጅ።

"ጋሼ፣ ፌንጣ ነኝ! ከኋላዬ የማላውቃቸው ሰውዬ ቦርሳ ይዘው እየመጡ ነው!"

"ጋሼ፣ ለደወሉ አራት ደቂቃ!"

ጋሼ ደወል ደማቸው ፈላ። "መቀለጃ አደረጉኝ" አሉ ለባለቤታቸው። ዳይሬክተሯም "በር ላይ መጮህ ክልክል ነው" የሚል ወረቀት አስለጠፉ። ልጆቹ አልተዉም፤ ድምፃቸውን ብቻ ቀነሱ። እየተጎነበሱ "ሬዲዮ ነኝ" እያሉ በሹክሹክታ ገቡ።

ዓርብ ከትምህርት በኋላ ጋሼ ደወል የፌንጣን ዝላይ ከደረጃው ላይ በጆሯቸው ለዩት።

"ነይ እስቲ አንቺ! ምን በድያችሁ ነው የምትሳለቁብኝ? ስማችሁ ጠፋኝ?"

"ስማችን አልጠፋዎትም ጋሼ" አለች ቀስ ብላ። "የጠፋዎት ፊታችን ነው።"

ጋሼ ደወል በእጃቸው ወንበራቸውን ፈልገው ተቀመጡ።

"ለማን ተናገርሽ?"

"ለክፍሌ ልጆች ብቻ። መምህር የሌለበት ሰዓት ጠብቀን በራችንን ዘግተን ተከራከርን። ብንናገር ከበሩ ያነሱዎታል። ዝም ብንል ደግሞ ይብስብዎታል፣ አንድ ቀን የማይገባ ሰው ይገባል። ስለዚህ እስኪታከሙ ድረስ እኛ ዓይን እንሁን፤ ከዚያ ለዳይሬክተሯ ራስዎ ይንገሩ ተባባልን።"

"ሬዲዮስ? እሱ ልጅ ለአገሩ ሁሉ..."

"ለእናቱ እንኳ አልተናገረም። ልትታመም ነው ወይ ብላ ስትጠይቀው ሰነበተች።"

ጋሼ ደወል ሳይወዱ ሳቁ። ፌንጣ አንዲት ወረቀት እጃቸው ላይ አኖረች። አክስቷ ዓይን ሕክምና ቤት ጽዳት ላይ ናት፤ የምርመራ ተራ ይዛላቸው ነበር። "አክስቴ የዓይን ሞራ ከሆነ ይነሳል ብላለች። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ይታዩት።"

ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

"እኔ እኮ... በኔ ጥፋት ግቢ ስትጠርጉ ዝም ብዬ አየኋችሁ።"

"አላዩንም እኮ ጋሼ" አለች ፌንጣ።

ሁለቱም ሳቁ። የሽማግሌው ሳቅ መሃል ላይ ተሰበረና እንባ ሆነ።

ተራቸው ገና ነበር፤ እሳቸው ግን ሰኞን አላሳለፉም። ኮፍያቸውን አውልቀው ዳይሬክተሯ ቢሮ ገቡ። "ሰዓቱን የነካው ልጅ የለም። ያሳሳተኝ ዓይኔ ነው፤ ዝም ያልኩት ግን እኔ ነኝ። ከበሩ የሚያነሱኝ ከሆነ ያንሱኝ፤ ልጆቹን ግን ነፃ ያውጡልኝ።"

ዳይሬክተሯ ተነስተው በመስኮቱ ወደ በሩ ተመለከቱ። ሹክሹክታው ምን እንደነበር ያኔ ገባቸው። "ሕክምናዎን ይጨርሱ። እስከዚያ ሰው እንመድባለን፤ በሩ ይጠብቅዎታል" አሉ። ወጥተው ያስለጠፉትን ወረቀት በገዛ እጃቸው ገነጠሉት። አሥረኛ ለ ገብተውም የተናገሩት አጭር ነበር፦ "ሳልጠይቅ ፈረድኩባችሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ሞራው ተነሳ፤ መጀመሪያ አንደኛው ዓይን፣ ቆይቶ ሁለተኛው።

ጋሼ ደወል የተመለሱ ዕለት፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ከልጆቹ አንድ ሰዓት ቀድመው መጡ። መጥረጊያ አነሱና ግቢውን መጥረግ ጀመሩ። ማክሰኞም ጠረጉ፣ ረቡዕም። አንድ ሳምንት ሙሉ፣ ልክ እንደ አሥረኛ ለ። ስለ ፀጉርና ስለ ንፋስ የሚሉትን ከዚያ ወዲህ ከአፋቸው የሰማ የለም።

በመጨረሻው ቀን ፌንጣ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለች ወርዳ አጠገባቸው ቆመች። ፊቷን አተኩረው አዩት፤ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ ነበረች፤ ያን ቀን ነው ያወቋት።

"ጋሼ፣ እዚያ ጥግ ቅጠል ቀርቶዎታል።"

"አይቼዋለሁ" አሏት።