ሦስት ሰዓትን ዘጠኝ ያደረግሁት እኔ ነኝ

እጄ አያርፍም። ደህና የሚሠራ ነገር ሳይ ካልነካካሁት ደስ አይለኝም። አምቦ ውስጥ ለአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ መመዝገቢያ ፕሮግራም የሠራሁት እኔ ነበርኩ፤ ሥራው ካለቀ በኋላም ሰበብ እየፈለግሁ ብቅ እል ነበር።

ቀኑን ከመጀመሪያው በኢትዮጵያ አቆጣጠር አድርጌዋለሁ፤ ጳጉሜን ለማስገባት ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ሰዓቱን ግን ሰልችቶኝ በፈረንጅ ትቼው ነበር። ለጠዋቱ ሦስት ሰዓት ስክሪኑ 9:00 ይላል። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ዘዴ አበጀችለት። እስክሪብቶዋን ወደ ግድግዳው ሰዓት ታነሳና ዘጠኝ ቁጥርን ፈልጋ ትይዩውን ታያለች፤ ሦስት። ያንን በትልቁ ካርዱ ላይ ትጽፋለች። አንድም ቀን ስትሳሳት አላየሁም። እኔን ግን አበገነኝ፤ ሰው የእኔን ፕሮግራም ፊቱ አስቀምጦ ግድግዳ ሲያማክር ማየት ስድብ መስሎ ይሰማኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሻይ ልትጠጣ ስትወጣ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩና ስክሪኑ ላይ ከሚታየው ሰዓት ስድስት ቀነስኩ። ሦስት መስመር ኮድ ነው። ሞከርኩት፤ ሠራ። ስትመለስ አልነገርኳትም። ራሷ ደርሳበት ትገረም ብዬ ሹልክ አልኩ።

በዚያ ሳምንት የዓይን ሐኪሞች ከአዲስ አበባ ለሦስት ቀን ሊመጡ ነበር። በመጨረሻው ቀን እንደ ልማዴ ብቅ ብዬ ሳለሁ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ከሸነን መጡ። ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኖ በር ላይ መቃኑን እየዳሰሱ ነው የገቡት። ሐኪሞቹ ሥራቸውን ጨርሰው ወደሚቀጥለው ከተማ ወደ እጃጂ ከሄዱ አንድ ሰዓት አልፏቸው ነበር።

“አዴ፣ ቀጠሮዎ እኮ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር” አለቻቸው የካርድ ክፍሏ።

“ዘጠኝ ነው የተባልኩት። ካርዱን ጎረቤቴ አንብባልኛለች። ሐኪም ጠዋት አይደል እንዴ የሚሠራው ብያት ነበር፤ ካርዱ እንዲህ ነው የሚለው አለችኝ።”

የካርድ ክፍሏ ካርዱን ተቀብላ አየች፤ ስክሪኑን አየች፤ ከዚያ የግድግዳውን ሰዓት። ገባኝ። የስክሪኑን መቀየር ከማስተዋሏ በፊት የጻፈችው ካርድ ነው፤ 3:00 ሲላት እንደ ልማዷ ትይዩውን አይታ ዘጠኝ ጽፋለች። ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

“ምናልባት ሲያነቡልዎ ተሳስተው ይሆናል” አልኳቸው።

ዋሸሁ። የካርድ ክፍሏ በሰው ፊት ልታዋርደኝ አልፈለገችም መሰለኝ፣ ካርዱን ለመምህርቷ መልሳ ወደ ጓዳ ጠራችኝ። “ሰው የለመደውን ስትቀይር መናገር አፍህን ያምሃል?” አለችኝ። ሐኪሞቹ ተመልሰው መቼ እንደሚመጡ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ወጥቼ መምህርቷን ነገ እጃጂ እወስድዎታለሁ አልኳቸው። መረቁኝ፤ ምርቃቱ አቃጠለኝ።

አዳራቸውን አምቦ ዘመድ ቤት አድርገው በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርን። እኔ መቀመጥ አቃተኝ። መስኮት እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ሾፌሩን ስንት ቀረን እላለሁ።

“ምን ያቁነጠንጥሃል ልጄ? የታመምኩት እኔ!” አሉኝ መምህርቷ እየሳቁ። ከዚያ ጎረቤታቸው ሳትደውል አትቀርም፣ ስልካቸው ጮኸ። “ሠላሳ ዓመት ቁጥር ሳስተምር ኖሬ አንቺ ደጃፌ ላይ ሆነሽ ሦስትና ዘጠኝ አትለዪም! ከእንግዲህ ምንም አታንብቢልኝ!” ብለው ዘጉባት። አፌን ከፈትኩ። እዚሁ አሁን ብነግራቸው ተመለስ ቢሉኝስ? ሕክምናው ይለፍ፣ ከዚያ እነግራቸዋለሁ አልኩ ለራሴ። ፈሪ ነበርኩ።

እጃጂ ላይ ዝርዝሩ ሞልቶ ነበር። የቀረ ሰው ካለ እናያለን ተባልን። በዚያ ግቢ ስንት ጊዜ እንደዞርኩ አላውቅም፤ ሰው በበሩ በገባ ቁጥር የተቀጠረው መጣ እያልኩ እደነግጥ ነበር። አሥር ሰዓት ገደማ አንድ ሰው እንደቀረ ተነገረንና ቀኝ ዓይናቸውን ሠሩላቸው።

በማግስቱ ጠዋት ፋሻው ሲነሳ አጠገባቸው ነበርኩ። መጀመሪያ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩ፤ ከዚያ እኔን። “ልጅ ነህ ለካ! በድምፅህ ትልቅ ሰው መስለኸኝ ነበር” አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ቦርሳቸውን ከፍተው ካርዱን አወጡና ክንዳቸውን ዘርግተው ከራሳቸው አራቁት።

“ዘጠኝ” አሉ። እንደገና አዩት። “ዘጠኝ ነው የሚለው። ልክ ነው ያነበበችልኝ።”

ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ ጠፋ። ያን ጊዜ ነው ሁሉንም የነገርኳቸው፦ የግድግዳውን ሰዓት፣ ሦስቱን መስመር፣ ዝም ማለቴን፣ ውሸቴን። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ስልካቸውን አውጥተው የጎረቤታቸውን ቁጥር በራሳቸው ጣት አንድ በአንድ ነኩት። መጥራት ሲጀምር ለእኔ ሰጡኝ።

“ለእሷም ንገራት” አሉኝ።