ጭቃ ያለበት ቦት ጫማ

በመሬት ጽሕፈት ቤቱ ኮሪደር ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ዓይኑ ደም መስሏል። ከፌስታል ውስጥ ጭቃ የደረቀበት ቦት ጫማ አወጣና የተወለወለ ጥቁር ጫማውን አውልቆ ፌስታሉ ውስጥ ከተተና ቦቱን ተጫማ። እንዳየሁት ሲያውቅ በድካም ፈገግ አለ።

"ምን ላድርግ ወንድሜ፣ ከተማ ተቀጥሮ መሬቱን ራሱ የማያርስ ሰው ይነጠቅ የሚል ደንብ ከክልል ወጥቷል። እኔ ደግሞ እዚሁ ከተማ ሌላ መሥሪያ ቤት ጥበቃ ነኝ፤ አሁንም ከሌሊት ተረኛነት መምጣቴ ነው። ጫማዬ እንዳያሳብቅብኝ ብዬ ነው።"

"ታዲያ ማን ነው የሚያርሰው?"

"እህቴ። ማዳበሪያውን የምልከው ግን እኔ ነኝ። እሷም በደሞዜ፣ እኔም በእህሏ ነው የምንኖረው። አንዱ ከጎደለ አለቀልን።"

ከዚያ ራሱን ግድግዳው ላይ ደገፍ አድርጎ "የማርሰው እኔው ነኝ፣ የማርሰው እኔው ነኝ" እያለ በሹክሹክታ ይለማመድ ጀመር። መሃል ላይ እንቅልፍ ይዞት ሄደ።

ጉዳያችንን የምታየው ኃላፊ ኮቴ ከደረጃው ሲሰማ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ብድግ አለ። ቀድሟት ደርሶ የቢሮዋን በር ወለል አድርጎ ከፈተላት፤ እግሩን ገጠመና እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ።

"እንደምን አደሩ እትዬ!"

ኃላፊዋ ቆም ብላ አየችው። እሱ እጁን ማውረድ ረስቶ ቁልቁል ጭቃውን ያያል።