ለማን ልጻፈው?

ክቬታ የበረዶ ሆኪ ወዳ አታውቅም። ከኦታካር ጋር በትዳር ስትኖር ያችን ጥቁር የጎማ ክብ መረብ ውስጥ ስትገባ አንድም ቀን በዐይኗ አላየቻትም፤ ሰው ሲጮኽ ነው ገባች ብላ የምታምነው። እውነቱን ለመናገር ኦታካርም ቢሆን ከጨዋታው ይልቅ ከጨዋታው በኋላ ያለውን ነበር የሚወደው። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። እሑድ ሲደርስ የክለቡን ቀለም የያዘች አረንጓዴ ሹራብ ኮፍያውን ይደፋል፤ የተጫዋቾቹ ፎቶ የታተመባቸውን ካርዶች ደረት ኪሱ ውስጥ ይከታል፤ ሻይ በፔርሙዝ ይዞ ከስታዲየሙ በስተጀርባ ያለችው የብረት በር ጋ ሄዶ ይቆማል። ተጫዋቾቹ ታጥበው ወደየመኪናቸው የሚወጡት በዚያች በር ነው። እሱም ፊርማ ያስፈርማል።

"የሰው ባል እሑድ እሑድ እንጉዳይ ይለቅማል፣ የኔው ፊርማ ይለቅማል" ትል ነበር ክቬታ፣ ለሕፃናት መዋያው ወጥ ቤት ባልደረቦቿ። "እንጉዳይ እንኳ ይበላል።"

ኦታካር በግንቦት ሞተ። ልቡ ነው። አውቶቡሱን ጋራዥ አግብቶ፣ ቁልፉን አስረክቦ፣ ጫማውን ሊቀይር አግዳሚ ላይ ቁጭ አለ፤ በዚያው ቀረ። ክቬታ አላለቀሰችም። በቀብሩ ላይ ሰው መሐረብ ሲያወጣ እሷ የምታየው የንግግር አድራጊውን የተፈታ የጫማ ማሰሪያ ነበር። ይረግጠውና ይወድቅ ይሆን? እያለች። "አይዞሽ" ሲሏት "ደኅና ነኝ" ትላለች። ውሸቷን አልነበረም። የጥርስ ሐኪም በመርፌ ያደነዘዘው ከንፈር እንዴት ነው? ሲነኩት አለ፣ ግን የሌላ ሰው ይመስላል። እንደዚያ ነበረች። ከሥራዋ አልቀረችም፣ የድንች ሾርባዋም ጨው አልበዛበትም።

መኸር ገብቶ የጨዋታው ወቅት በተከፈተ በመጀመሪያው እሑድ፣ ፔርሙዙ ውስጥ ሻይ ስትቀዳ ራሷን አገኘችው። ቀድታ ክዳኑን ካጠበቀች በኋላ ነው ለማን እንደምትቀዳ ያሰበችው። መልሳ መድፋቱ ደግሞ ብክነት መሰላት። ኮፍያውን ከመስቀያው አውርዳ አናቷ ላይ ጣል አደረገች፣ የኦታካርን ካርዶች ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች።

በሩ ጋ ቦሁሽ ቆሟል። ከብርጭቆ ፋብሪካ ጡረታ የወጣ፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ የሚደርስ፣ የኦታካር የብዙ ዘመን የፊርማ ጓደኛ ነው። ሲያያት ኮፍያውን አወለቀ፤ መልሶ አጠለቀ።

"እሱ የሚቆመው እዚህ ነበር" አላት በመጨረሻ፣ ከመብራት ምሰሶው ሥር ፈቀቅ ብሎ ቦታውን እየለቀቀላት።

ቆመች። አንድ ጎረምሳ አጥቂ ወጣና ካርዱ ላይ ፈረመላት። አመስግና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቤቷ ደርሳ ስታወጣው ፊርማው የለም፤ ሰማያዊ ዝግዛግ ብቻ፣ ዝንብ ከቀለም ወጥታ የተንፏቀቀችበት ይመስላል።

በሚቀጥለው ሳምንት ለቦሁሽ አሳየችው። ሰውዬው ሆዱን ይዞ ሳቀና ስሟን አቆላምጦ ጠራት።

"ክቬቱሽካ! ፓውደር አልቀባሽውም?"

"የምን ፓውደር?"

"ካርድ ማለት እኮ እንደ ሕፃን ቂጥ ነው። ሲያብረቀርቅ እንዳያታልልሽ፤ ፓውደር ነስንሰሽ ካላደረቅሽው ቀለሙ አይዝም። ከዚያ ሲፈርምልሽ እጅሽ ላይ ዘርግተሽ አስደርቂው እንጂ፣ እንደ ድንች ቦርሳ ውስጥ ትወረውሪዋለሽ? ያ ባልሽ ይህን ሁሉ ዘመን ምን አስተማረሽ?"

"ምንም" አለች ክቬታ። "እኔም አልጠየቅሁትም።"

የሕፃን ፓውደር ያለው ልጇ ሉድሚላ ቤት ነው። ሉድሚላ በዚያው መንደር፣ ከእናቷ ሁለት ሕንፃ አለፍ ብላ ትኖራለች፤ ገና ጥርስ ያላወጣ ማትያሽ የሚባል ልጅ አላት።

"እማ፣ ፓውደሩን የት እየወሰድሽው ነው?"

"ለአጥቂዎቹ።"

"እነሱንም የቂጥ ሽፍታ ጀመራቸው?" አለች ሉድሚላ። ሳቀች፣ እናቷን አየት አደረገችና ሳቋን ተወችው። "እዚያ ውርጭ ላይ ስትቆሚ አይበርድሽም?"

"አይ።"

ነገሩስ እውነት ነበር። ክረምቱን ሙሉ አልበረዳትም። ሙታን በሚታሰቡበት ቀን መቃብሩ ላይ ሻማ ስታበራ ክብሪቷ እምቢ ቢላት ከጎረቤቱ መቃብር ሻማ ለኩሳ፣ ቤቷ ገብታ፣ ድንች ልጣ ቀቀለች። ገና መጣ፣ ሄደ። እሑድ እሑድ በሩ ጋ ትቆማለች፣ ታስፈርማለች፣ ታስደርቃለች፣ ኦታካር ያደርግ እንደነበረው አልበሙ ውስጥ ባሉት የላስቲክ ኪሶች ትከታለች። ደስ አይላትም፤ አይከፋትምም። ቀኑ ግን ያልፋል።

አንድ ኪስ ብቻ ነበር ሁልጊዜ ዐይኗ የሚያርፍበት። ክለቡ ወደ ትልቁ ሊግ ያደገበት ዓመት ገጾች ላይ ሁሉም ተፈርመዋል፤ ዋናው በረኛ ራዲም ክሊሜሽ ሲቀር። የሱ ካርድ ንጹሕ ነው፣ ጭረት እንኳ የለበትም።

ምክንያቱን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ክሊሜሽ በአንድ ወቅት "ለታመመ ልጄ ነው" ብሎ ያስፈረመው ሰው ካርዱን በማግስቱ ኢንተርኔት ላይ ሲሸጠው አየ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰው ስም ሳይጽፍ አይፈርምም። "ለእገሌ" ብሎ ጽፎ ነው የሚፈርመው፤ ያንን የሚገዛ የለምና። ኦታካር ደግሞ በበኩሉ ስም የተጻፈበት ካርድ አይቀበልም።

"ስም ያለበት ካርድ የሞተ ካርድ ነው" ይል ነበር። "ከእጅ ወደ እጅ አይሄድም፣ አይለወጥም። የኔን ስም ዐውቀዋለሁ፤ የምፈልገው የሱን ነው።"

"በዕድሜው አንዲት ካርድ ለውጦ አያውቅም እኮ!" ይላል ቦሁሽ ይህን ባነሣ ቁጥር። "ለምኜዋለሁ፣ ቢራ ጋብዤዋለሁ፣ ወይ ፍንክች! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሱ ለብቻው ሁለቱም ነበር።"

እናም ክሊሜሽ ከጨዋታ በወጣ ቁጥር ኦታካር ያንኑ ካርድ ይዘረጋለታል። "ለማን ልጻፈው?" ይላል በረኛው። "ለማንም" ይላል ኦታካር። "እንግዲያው በሚቀጥለው እሑድ" ይላል ክሊሜሽ፣ ካርዱን ይመልስለታል፣ ሁለቱም ሳቅ ብለው ይለያያሉ። ዓመታት እንዲህ ሄዱ። ኦታካር ቤት ሲገባ "ዛሬም አልፈረመም" የሚለው ፊቱ እየበራ ነበር፤ ክቬታ ያኔ ልብ አላለችውም።

በዚህ ወቅት ክሊሜሽ አልተሰለፈም። በበጋ ጉልበቱን ተሰብሮ ሞራቪያ፣ የሚስቱ ወላጆች ዘንድ፣ ሲታከም ነው የከረመው። ወሬው የመጣው በመጋቢት ነው፣ በቦሁሽ አፍ።

"ለመጨረሻው የሜዳችን ጨዋታ ይመጣል። ለመሰነባበት ትንሽ ደቂቃ መረብ ውስጥ ያቆሙታል። ከዚያ በቃ። አማቱ የወይን እርሻ አለው፣ ወይን ሊጠምቅ ነው። ከእሑድ በኋላ ክሊሜሽን እዚህ በር ላይ አታይውም።"

ክቬታ ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ አንድ ነገር አሰበች። ያ ካርድ ተፈርሞ ኪሱ ከሞላ ነገሩ ያልቃል። አልበሙ ይዘጋል፣ ኮፍያው ለሰው ይሰጣል፣ እሑድም እንደ ማንኛውም ሰው እሑድ ይሆናል። ካልሞላ ግን ዕድሜዋን ሙሉ እዚያ ምሰሶ ሥር የምትቆም መሰላት፤ በረኛው ከሄደ በኋላም፣ ለምን እንደቆመች ሳታውቅ።

ቅዳሜ ሉድሚላ ቤት ማትያሽን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ካርዱን በጥጥ ፓውደር ስትቀባ፣ ልጁ ዱቄቱ አፍንጫው ገብቶ አስነጠሰው።

"በአባዬ ስም አስጽፊዋ" አለቻት ሉድሚላ። "'ለኦታካር' ይበል። ምን ችግር አለው?"

"እሱ አይወድም።"

"አባዬ እኮ ሞቷል፣ እማ።"

"ዐውቃለሁ" አለች ክቬታ፣ ዳቦ አልቋል ሲሏት እንደምትለው አድርጋ። የልጁን አፍንጫ ጠርጋ፣ "ያለ ስም ደግሞ አይፈርምም። ይሁን፣ ለኦታካር እለዋለሁ" አለች።

እሑድ ዝናብና በረዶ የተቀላቀለበት ነገር ይወርዳል። በሩ ጋ የተሰበሰበው ሰው ከሌላው ቀን ይበዛል። ክሊሜሽ አነከስ እያለ ወጣ፣ ጸጉሩ ርጥብ ነው፣ ትከሻው ላይ ትልቅ ሻንጣ አንግቷል። ካርድ ይዘረጉለታል፣ አንገቱን ሳያነሣ "ለማን ልጻፈው?" ይላል፣ ይጽፋል፣ ይፈርማል፣ ወደሚቀጥለው። ክቬታ ዘንድ ደረሰ። ካርዱን ተቀበለ።

"ለማን ልጻፈው?"

ክቬታ የምትለውን ከትናንት ጀምሮ አዘጋጅታለች። አፏን ስትከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው።

"ለማንም።"

ክሊሜሽ ፈገግ እያለ ቀና አለ። ኮፍያዋን አየ። ከኮፍያው በታች ያለውን ፊት ሲያይ ፈገግታው ግማሽ ላይ ቆመ።

"እሱስ?"

"ባለፈው ግንቦት ሞተ። ሚስቱ ነኝ።"

"ማንም አልነገረኝም" አለ ክሊሜሽ። ከኋላ የቆሙት መጋፋታቸውን ተዉ። ሰውዬው ካርዱን ካየው በኋላ ሻንጣውን መሬት አውርዶ የማርከሩን ክዳን በጥርሱ ነቀለ። "ይሁን እሺ። ለእሱ ያለ ስም እፈርማለሁ። አሸነፈኝ።"

ክቬታ የማርከሩ ጫፍ ወደ ካርዱ ሲወርድ አየች። ያ ኪስ ሊሞላ ነው። አውራ ጣቷን አንሥታ ካርዱ ላይ አሳረፈችው።

"ይተዉት" አለች።

"ምነው?"

"ስለ ሞተ ብለው አይሸነፉለት። ይህን አይወድም። ዛሬ በሕይወት ቢኖር ምን ይሉት ነበር?"

"በሚቀጥለው እሑድ።"

"እኮ።"

"የሚቀጥለው እሑድ ግን የለም።"

"ለእሱም የለውም" አለች ክቬታ። "እኩል ናችሁ።"

ክሊሜሽ ካርዱን መልሶ እጇ ላይ አኖረላት፤ ለኦታካር ሲመልስለት እንደነበረው። ቦሁሽ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

"ኧረ በማርያም፣ ክቬቱሽካ! እስኪፈርምልሽ ብትታገሺ ምን ነበረበት! እንደ ባልሽ በቅሎ ሆነሽ አረፍሽው!"

ሰው ሳቀ፣ በረኛውም ሳቀ። ከካፖርቱ ኪስ ክለቡ ለመሰነባበቻው ያሳተመለትን አዲስ ካርድ አወጣ።

"ይሄ ደግሞ የኦታካር አይደለም" አላት። "ለማን ልጻፈው?"

ክቬታ አዲሱን ካርድ አየችው። ሰው ይጠብቃል። በዚያ በር ላይ ይህ ጥያቄ ለእኔ ይቀርብልኛል ብላ አስባ አታውቅም።

"ለክቬታ" አለች።

ማርከሩን ሲያስጠጋ "ይቆዩ! ይቆዩ!" ብላ አስቆመችውና፣ ቦርሳዋን ከፍታ የማትያሽን ፓውደር አወጣች። ካርዱን ከእጁ ነጥቃ ነሰነሰችበት፣ በካፖርቷ እጅጌ አሸችው፣ ነጩን አራገፈችና መለሰችለት። ዱቄቱ የበረኛው ጥቁር ካፖርት ላይ አረፈ።

"የሕፃን ሽታ አለው" አለ ክሊሜሽ እያሸተተ።

"አሁን ይጻፉ፤ አይለቅም።"

ጻፈ። ስሟን፣ ከሥሩ የራሱን። ጨብጧት ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ፤ ጥቂት ቆይቶ መኪናው ውስጥ ገባና ሄደ።

ክቬታ የኦታካርን ካርድ፣ ያንኑ ንጹሑን፣ ደረት ኪሷ ከተተችው። አልበሙ ውስጥ ሳይፈረም እንደ ኖረ ይኖራል። የራሷን ግን ጓንቷን አውልቃ በመዳፏ ላይ እንደ ሳህን ዘርግታ ያዘችው፤ በሌላው እጇ ከዝናቡ እየከለለች፣ እስኪደርቅ።

"የሞተ ካርድ ያዝሽ እንግዲህ" አለ ቦሁሽ አንገቱን አስግጎ እያነበበ። "ማንም አይለውጥሽም።"

"ማን ሊለውጥ ነው?"

"አይበርድሽም እንዲህ ስትቆሚ?"

"አይ" ልትል አፏ ሄደ። ጣቶቿን አየቻቸው፤ ቀልተዋል፣ ጫፋቸው ይቆረጥማታል። እግሯንም ልብ አለችው፤ ጫማዋ ውኃ አስገብቷል።

"በረደኝ" አለች።

"ተመስገን! እኔማ ክረምቱን ሙሉ ከእንጨት ጋር የቆምኩ ነበር የመሰለኝ" አለ ቦሁሽ። "ነይ፣ ማዕዘኑ ላይ ካለው ሱቅ ቋሊማ ልጋብዝሽ።"

"ዳቦው ሁለት ይሁን" አለች ክቬታ፤ በትርፍ እጇ ኮፍያውን እስከ ጆሮዋ ጎትታ አጠለቀችና፣ ካርዱን ሳታዘነብል ቀስ ብላ ተከተለችው።